«ኮፐር ነው?» ከሚለው ጥያቄ ወዲያ፦ የሞተር መጠቅለያ ሽቦ በጅማ

ጅማ ውስጥ ሞተር የተቃጠለበት ሰው ጠቅላይ ቤት፣ ማለትም የሞተር ሽቦ ነቅሎ አዲስ የሚጠቀልል ሱቅ፣ ሲገባ የሚያነሳው ጥያቄ ያው አንድ ነው፤ «ኮፐር (መዳብ) ነው አይደል?» መልሱም ያው ነው፤ «ኮፐር ነው ኦቦ፣ ይኸው ቀለሙን ይዩት።» ቀለሙ ግን ምስክር አይሆንም። ዓይን የሚያየው ሽቦው ላይ የተቀባውን የኢናሜል ልባስ ጭምር ነው፤ ልባሱ ደግሞ ቀይም፣ ቡኒም፣ ወርቅማም ይሆናል፤ አሉሚኒየም ላይ ሲቀባም እንዲሁ። ልባሱ ተፍቆ መዳብ ቢወጣ እንኳ ነገሩ አላለቀም፤ ላዩ ስስ መዳብ፣ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ሽቦ አለና።

ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ግን ጎዶሎ ነው። ስለ ብረቱ ይጠይቃል እንጂ ስለ ልባሱ፣ ስለ ቫርኒሹና ሞተሩ ስለሚቀመጥበት ቦታ አይጠይቅም። እንደ ጅማ ዝናብ በበዛበት፣ ቮልቴጅ ማታ ማታ በሚወርድበት፣ ትልልቅ ሞተሮች የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ቆመው በሚከርሙበት አገር ግን ያልተጠየቀው ነገር ከተጠየቀው ያላነሰ ገንዘብ ያስወጣል።

ክርክሩ አሁን የከረረው በዋጋ ምክንያት ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. መዳብ በለንደን የብረታ ብረት ገበያ ቶኑ ከ2,000 ዶላር በታች ነበር፤ በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. ከ11,000 ዶላር በላይ ደረሰ። በእኛ በኩል ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ መቶን አለፈ። ቶኑ 10,000 ዶላር የሆነ መዳብ በ57 ብር ሲመታ 570,000 ብር ነው፤ በ120 ብር ሲመታ 1.2 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ይህ እንግዲህ ገና ሽቦ ሆኖ ሳይሳብ፣ ሳይቀባ፣ ሳይጫን፣ ቀረጥ ሳይከፈልበት ነው። አዲስ ሞተር መግዛትም በዚያው ልክ ስለከበደ የተቃጠለውን ማስጠቀለል እንደ ድሮው የድሃ ምርጫ ብቻ አይደለም፤ ባለ ወፍጮውም፣ ባለ ቡና ማጠቢያውም፣ የውኃ ፓምፕ ያለውም የሚሄድበት መንገድ ሆኗል። ርካሽ ሽቦ ገበያ የሚያገኘውም እዚህ ጋ ነው።

ርካሹ ለምን እንደሚረክስ ሒሳቡን እንየው። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ የመዳብን 61 በመቶ ያህል ነው። እኩል ሥራ እንዲሠራ ከተፈለገ ሽቦው በቁርጡ ስፋት 1.6 እጥፍ፣ በዲያሜትር ደግሞ 28 በመቶ ገደማ መወፈር አለበት። መዳብ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 8.9 ግራም ሲመዝን አሉሚኒየም 2.7 ግራም ብቻ ስለሆነ፣ ሽቦው ወፍሮም ቢሆን ክብደቱ የመዳቡን ግማሽ ነው። የአሉሚኒየም ቶን ዋጋ ደግሞ የመዳብን ሩብ ያህል ነው እንበል። የሩብ ግማሽ አንድ ስምንተኛ ነው። እንዲህ ያለ ልዩነት ባለበት ፈተናው ከባድ ነው፤ ይህን ሒሳብ ነጋዴው ከማንም በፊት ሠርቶታል።

ችግሩ ሞተር ውስጥ ትርፍ ቦታ አለመኖሩ ነው። ሽቦው የሚጠቀለልበት የማይሽከረከረው ክፍል፣ ስቴተሩ፣ ስሎት የሚባሉ ሰርጦች አሉት፤ ስሎቱ የተቆረጠው ለመዳቡ ልክ ነው፤ 28 በመቶ የወፈረ ሽቦ በተመሳሳይ ዙር ብዛት አይገባበትም። ስለዚህ በተግባር የሚሆነው ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ ጠቅላዩ ዙር ይቀንሳል፣ ወይ አሉሚኒየሙን በመዳቡ ውፍረት ይጠቀልላል። ዙር ሲቀነስ ሞተሩ ያለ ጭነትም ብዙ ከረንት ይስባል፣ ብረቱም ይግላል። በዚያው ውፍረት ሲጠቀለል ደግሞ የሽቦው ሬዚስታንስ (ከረንትን የመቋቋም መጠኑ) 1.6 እጥፍ ይሆናል፤ በተመሳሳይ ከረንት ሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀትም 1.6 እጥፍ።

ይህን ከቮልቴጁ ጋር አያይዙት። 380 ቮልት ማግኘት የነበረበት ባለ ሦስት ፌዝ (በሦስት የኤሌክትሪክ መስመር የሚሠራ) ሞተር 340 ቮልት ቢደርሰው፣ ያንኑ እህል ለመፍጨት ከረንቱን በ12 በመቶ ያህል ከፍ ያደርጋል። ሙቀት የሚያድገው በከረንቱ ካሬ ስለሆነ 12 በመቶው 25 በመቶ ይሆናል። 1.6 በ1.25 ሲባዛ ሁለት ነው። እንግዲህ አሉሚኒየም በመዳብ ልክ የተጠቀለለበት ሞተር፣ ቮልቴጅ በወረደበት ምሽት፣ ሲሠራ ከታሰበለት እጥፍ ሙቀት ሽቦው ውስጥ ይዟል ማለት ነው። በሩቅ ሲታይ ነገሩ ይገርማል። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ አንድ ያለው እዚሁ ዞናችን ውስጥ ነው፤ ከጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሕዳሴው ግድብ ተመርቋል። ግን ማመንጨት ሌላ፣ እስከ ገጠር ቀበሌ መስመር ጫፍ ድረስ ቮልቴጁን ጠብቆ ማድረስ ሌላ ነው። ማታ ምጣዱ ሁሉ ሲሰካ መብራቱ ሲደበዝዝ የሚያይ ሰው ይህን ማንም እንዲነግረው አያስፈልገውም።

አሉሚኒየም ሌላም ጠባይ አለው። የተፋቀ ገጹ አየር እንዳገኘው ወዲያው ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ስስ ኦክሳይድ ይሸፈናል፤ ተራ ብየዳ አይዘውም። ሲሞቅ ከመዳብ የበለጠ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ የተጠማዘዘ መገናኛው ቀስ በቀስ እየላላ ይሄዳል። አሉሚኒየም ተጠቅልሎለት የተመለሰ ሞተር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠቁረው መሐል ጥቅሉ ሳይሆን ጫፎቹ የተገናኙበት ቦታ ነው።

ያም ሆኖ አሉሚኒየምን በጅምላ መኮነን ልክ አይመስለኝም። ከመነሻው ለአሉሚኒየም ተብሎ የተሠራ፣ ሰፋ ያለ ቦታ ያለው ትራንስፎርመር ወይም ስታቢላይዘር በሥርዓት ከተገጣጠመ በደንብ ይሠራል፤ በዓለም ላይ ብዙ የማከፋፈያ ትራንስፎርመር በአሉሚኒየም የተጠቀለለ ነው። ውሸቱ ያለው ብረቱ ውስጥ አይደለም፤ በመዳብ ስም መሸጡና በመዳብ ልክ መጠቅለሉ ላይ ነው።

በመዳብ የተለበጠው አሉሚኒየም የባሰ አሳሳች ነው። በአብዛኛው ከይዘቱ መዳብ የሚሆነው 10 ወይም 15 በመቶው ብቻ ነው። ለድምጽ ማጉያ ኮይል (የሽቦ ጥቅል) ቀላልነቱ ጥቅም አለው፤ በከፍተኛ ድግግሞሽም ከረንቱ በሽቦው ላይ ላዩ ስለሚሄድ የመዳቡ ልባጭ ሥራ ይሠራል። በእኛ 50 ኸርዝ ግን ከረንቱ የሽቦውን ሙሉ ቁርጥ ይሞላል፤ ልባጩ የሚጠቅመው መገናኛውን ለመበየድ ያህል ነው። ከዚያ የተረፈው አሉሚኒየም ነው።

መለየቱ ግን አስቸጋሪ አይደለም፤ ሚዛን ይበቃል። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው 100 ሜትር የመዳብ ሽቦ 700 ግራም ገደማ ይመዝናል። ያው ሽቦ 15 በመቶ መዳብ የተለበጠበት አሉሚኒየም ከሆነ 285 ግራም፣ ንጹሕ አሉሚኒየም ከሆነ 212 ግራም ያህል ነው። ሬዚስታንስ የሚለካ ጥሩ መሣሪያ ያለው ሰው በመዳቡ 2.2 ኦም፣ በተለበጠው 3.4 ኦም፣ በአሉሚኒየሙ 3.6 ኦም ገደማ ያነባል። መሣሪያ የሌለው ቁራጭ ሽቦ እሳት ውስጥ ይያዝ፤ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ መዳብ እስከ 1,084 ዲግሪ ይታገሣል።

እንዲያውም ለባለ ሞተሩ ከዚህ ሁሉ የሚቀልለው የወጣውንና የገባውን ማስመዘን ነው። ከስቴተሩ የተነቀለው አሮጌ መዳብ 4 ኪሎ ከነበረ የሚገባውም ከዚያ ብዙ መራቅ የለበትም። ሁለት ኪሎ ሳይሞላ «ሞላ» ከተባለ ጥያቄ አለ። አሮጌው መዳብ የማን ነው የሚለውም ዋጋ ሲነጋገሩ አብሮ ቢነሳ ይሻላል፤ ቁራሌው በጥሩ ገንዘብ የሚገዛው ነገር ነው። ደንበኛው የሚከፍለው ለሞተሩ ሥራ በጥቅሉ ነው፤ ሽቦው ግን ከሱቅ የሚገዛው በኪሎ ነው። ቀላል ሽቦ በአንድ ኪሎ ብዙ ሜትር ይሰጣል፤ ልዩነቱ የሚቀረው በመሐል ነው። ሁሌም ግን በጠቅላዩ ኪስ ነው ማለት አይደለም፤ መዳብ ነው ብሎ በመዳብ ዋጋ ገዝቶ የተታለለ ጠቅላይም አለ።

አሁን ወደ ልባሱ እንምጣ፤ ለእኔ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። ኢናሜል የተባለው ሙጫ ነገር ሽቦው ደጋግሞ በፈሳሽና በምድጃ ውስጥ እያለፈ በብዙ ስስ ድርብ የሚጋገርበት ፕላስቲክ መሰል ልባስ ነው። ባዶ መዳቡ 0.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ሽቦ በግሬድ 2 (ወፈር ባለው ደረጃ) ልባስ ሲሸፈን ዲያሜትሩ ቢያንስ 0.045 ሚሊ ሜትር ይጨምራል፤ በእያንዳንዱ ጎን ከፀጉር ውፍረት ያነሰ ነው። ግሬድ 1 የዚያን ግማሽ ያህል ነው። ኢናሜል ከጥጥና ከሐር ጥምጣም የተሻለበት ምክንያትም ይኸው ስስነቱ ነው፤ ስሎቱ ውስጥ ብዙ መዳብ ያስገባል። ድካሙም እዚያው ነው። በስሎት ጠርዝ ሲጎተት፣ በጉልበት ሲመታ፣ ስለት ባለው ነገር ሲገፋ ይፋቃል፤ የተፋቀውም በዓይን አይታይም። አዲስ ሽቦም ቢሆን አልፎ አልፎ የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ አያጣውም።

ልባሶች ሁሉ አንድ አይደሉም። ፖሊዩሬቴን ሳይፋቅ በብየዳ ሙቀት ስለሚለቅ ለሬዲዮና ለቻርጀር ትናንሽ ኮይሎች ይመቻል፤ ለወፍጮ ሞተር ግን አይደለም። ፖሊስተር በ155 ዲግሪ ደረጃ ያለ፣ ዋጋው መካከለኛ የሆነ ነው፤ እርጥበትና ሙቀት አብረው ሲመጡበት ግን ይደክማል። ፖሊስተር ኢሚድ 180 ዲግሪ ይደርሳል፤ በእሱ ላይ ፖሊአሚድ ኢሚድ የተደረበበት ባለ ሁለት ልባስ ሽቦ ደግሞ የ200 ዲግሪ ደረጃ አለው፤ ፍትጊያንም ይችላል። ለቡና ማጠቢያ፣ ለወፍጮና ለፓምፕ የምመርጠው ይህን የመጨረሻውን ነው። ዋጋው ከተራው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን የሽቦው ዋጋ በአብዛኛው መዳቡ ስለሆነ በልባስ ማሻሻል የሚጨመረው በብረት ለውጥ ከሚቆጠበው ጋር አይወዳደርም።

እነዚህ ቁጥሮች ምን ማለት ናቸው? 155 የተባለ ልባስ በ155 ዲግሪ ሙቀት ሳያቋርጥ 20,000 ሰዓት ያህል ይቆያል ተብሎ የተገመተ ነው። ሙቀቱ በየ10 ዲግሪው ሲቀንስ ዕድሜው በግምት እጥፍ ይሆናል፤ ሲጨምር ደግሞ በግማሽ ያጥራል። በዚህ ስሌት የቡና ማጠቢያ ሞተር ለሦስት ወር በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ በዓመት 900 ሰዓት ነው። ያ ሞተር ሙሉ ጊዜውን በ155 ዲግሪ ጫፍ ላይ ቢሠራ እንኳ 20,000ን ለ900 ስናካፍል 22 ዓመት ይሆናል። ታዲያ ለምን በሦስተኛው፣ በአራተኛው ዓመት ይቃጠላል? ከእርጅና ያልሆነ ሌላ ነገር እየገደለው ነው ማለት ነው።

አንዱ ገዳይ እርጥበት ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች። በማና፣ በጎማ፣ በጌራ፣ በሊሙ ያለ የእሸት ቡና መፈልፈያ ሞተር ለቀማ ካለቀ ጀምሮ ክረምቱን ሁሉ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቆሞ ይከርማል። በሥራው ወራት ደግሞ የሚረጨው የገለባ ውኃ ኮምጣጣ ነው። ውኃ በልባሱ ቀዳዳና በተፋቀው ቦታ ይገባል፤ አቧራውና አሲዱ አስተላላፊ ያደርጉታል። ከዚያ በጥቅምት አንድ ቀን፣ ስምንት ወር የቆመው ሞተር ላይ በቀጥታ ማብሪያ ይጫንበታል። በአንድ ዙርና በቀጣዩ ዙር መሐል የሚኖረው ቮልቴጅ በአዘቦቱ ትንሽ ነው፤ በማስነሻዋ ቅጽበት ግን ይዘላል። ሁለት ዙር ተነካክቶ አንድ ኮይል ውስጥ ክብ ሲዘጋ የሚፈስሰው ከረንት ሽቦውን በሰከንዶች ያቀልጠዋል። እሸት ቡና የሚደርሰው ከሰዓት በኋላና ማታ ነው፤ በዚያው ሌሊት ካልተፈለፈለ ማብላላት ይጀምርና ጥራቱ ይወርዳል። ስለዚህ የሞተሩ ኪሳራ የሽቦና የእጅ ዋጋ ብቻ አይደለም። ብዙዎች የናፍጣ ሞተር ከጎን የሚያቆሙት ወደው አይደለም።

ሌላው ገዳይ የአንድ ፌዝ መጥፋት ነው። ከሦስቱ አንዱ ፊውዝ ሲቃጠል ወይም ኮንታክተሩ (ሦስቱን መስመር አብሮ የሚያገናኘው ማብሪያ) አንዱን ሳይነካ ሲቀር ሞተሩ አይቆምም፤ እያጉረመረመ በሁለቱ ይሄዳል። የሁለቱ ከረንት 1.73 እጥፍ፣ ሙቀቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል። የ200 ዲግሪ ልባስም ቢሆን ይህን ብዙ አይችልም፤ የሚያድነው በትክክል የተስተካከለ ኦቨርሎድ (ከረንቱ ሲበዛ ሞተሩን የሚያጠፋ መሣሪያ) ወይም የፌዝ መቆጣጠሪያ ነው። ብዙ ቦታ ኦቨርሎዱ «እያስቸገረ ነው» ተብሎ ከፍ ተደርጎ ወይም ጭራሹን ታልፎ ይገኛል።

ለዚህ ነው የተቃጠለውን ሞተር ከመነቀሉ በፊት ማየት የሚያስፈልገው። ጥቅሉ ራሱ ይናገራል። ሁሉም ኮይሎች እኩል ከጠቆሩ ከመጠን ያለፈ ጭነት፣ የወረደ ቮልቴጅ ወይም የታፈነ ማራገቢያ ነው። የሦስቱ ፌዝ ጥቅሎች የሚገናኙት በሁለት መንገድ ነው፣ በስታር ወይም በዴልታ፤ በስታር የተገናኘ ሞተር ሁለት ፌዙ ጠቁሮ አንዱ ንጹሕ ከቀረ አንድ ፌዝ ጠፍቶበት ሠርቷል፤ በዴልታ የተገናኘ ከሆነ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፣ አንዱ ይጠቁራል ሁለቱ ይተርፋሉ። አንድ ኮይል ብቻ ተበስቶ ሌላው ደህና ከሆነ የልባስ ወይም የእርጥበት ጣጣ ነው። የሚሽከረከረው ክፍል፣ ሮተሩ፣ ስቴተሩን ፍቆት ከተገኘ ተጠያቂው ሽቦው ሳይሆን ኩሽኔታው ነው። ጠቅላዩን «ሳትነቅለው አሳየኝ» ማለት ምንም አያስከፍልም። መንስኤው ሳይታወቅ የተጠቀለለ ሞተር ምርጥ መዳብ ቢገባበትም በዚያው መንገድ ተመልሶ ይመጣል።

ቫርኒሹን ሰው እንደ ማስዋቢያ ያየዋል፤ ዋጋ ሲቀነስም መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው። ሥራው ግን ሁለት ነው። ሽቦዎቹን ያጣብቃል፤ በ50 ኸርዝ ጥቅሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይንቀጠቀጣል፣ ካልተጣበቀ ልባስ በልባስ ይፋተጋል። ቀዳዳዎቹንም ይደፍናል፤ እርጥበትን የሚከለክለው በተለይ እሱ ነው። በብሩሽ ከላይ የተቀባ ቫርኒሽ ወደ ስሎቱ ውስጥ አይዘልቅም። ጥቅሉ አስቀድሞ ሞቆ እርጥበቱ ይውጣ፣ ቫርኒሽ ውስጥ ይነከር ወይም ቀስ ብሎ ይፍሰስበት፣ ከዚያ እንደ ቫርኒሹ ዓይነት ምድጃ ውስጥ ለሰዓታት ይጋገር። ምድጃ የሌለው በትልልቅ አምፖል ያደርቃል፤ በቂ ሙቀትና ጊዜ ከተሰጠው ከምንም ይሻላል። በሐምሌ ዝናብ ደጅ አስጥቶ «ደርቋል» ማለት ግን ራስን ማታለል ነው። ባለ ሞተሩም «ዛሬ ማታ ካልወሰድኩ» ብሎ ሲያጣድፍ የዚህ ጥፋት ተካፋይ ነው።

አሮጌው ጥቅል የሚነቀልበት መንገድም ዋጋ አለው። ስቴተሩን ክፍት የማገዶ እሳት ላይ አስቀምጦ ማቃጠል ሥራውን ያቀልላል፤ ነገር ግን የስቴተሩ ብረት በስስ ቅጠሎች የተደረደረ ነው፣ በመሐላቸውም መከላከያ አለ። ሙቀቱ ከ370 ዲግሪ ካለፈ ያ መከላከያ መጎዳት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ያለ ጭነትም ይግላል፣ ቆጣሪውም ይቆጥራል። የኤሌክትሪክ ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተደርጓልና ይህ ብክነት እያደር ይከብዳል። 7.5 ኪሎ ዋት ሞተር ያለው ወፍጮ ቤት ስቴተሩ ውስጥ በሽቦ የሚባክነው 400 ዋት ነበር እንበል፤ ሽቦው በዚያው ውፍረት አሉሚኒየም ከሆነ 640 ዋት ይሆናል። ልዩነቱ 240 ዋት በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ሲሰላ 576 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ በየዓመቱ።

አንዲት ትንሽ ወጥመድ ደግሞ የሽቦ ቁጥር ናት። ቁጥር 20 በእንግሊዝ መለኪያ 0.914 ሚሊ ሜትር፣ በአሜሪካ መለኪያ 0.812 ሚሊ ሜትር ነው፤ በመዳብ ስፋት 21 በመቶ ይለያያሉ። ከጥቅልሉ ላይ ቁጥሩን ብቻ አይቶ መግዛት አይገባም፤ ልባሱን አንስቶ በማይክሮሜትር መለካት ነው። ከነልባሱ የተለካ ሽቦ ከእውነቱ ወፍራም መስሎ ይታያል።

ለባለ ማጠቢያዎች ጊዜው ራሱ ምርጫ ነው። መስከረም ላይ፣ ለቀማ ሳይጀመር፣ ኤሌክትሪሺያን በ500 ቮልት ሜገር (የመከላከያ መለኪያ መሣሪያ) በጥቅሉና በአካሉ መሐል ያለውን ኢንሱሌሽን፣ ማለትም ከረንት እንዳያልፍ የሚከለክለውን መከላከያ፣ ይለካ። ከ5 ሜጋ ኦም በላይ ካሳየ ይነሳ። ከአንድ ሜጋ ኦም በታች ከሆነ ማብሪያው አይነካ፤ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ተጠርጎ፣ በአምፖል ወይም በሙቅ አየር ይድረቅና እንደገና ይለካ። ንባቡ ሰዓት በሰዓት ከፍ እያለ ከሄደ ውኃ ብቻ ነበር። ሁለት ቀን ደርቆም ካልተነሳ ልባሱ ተበልቷልና፣ ጠቅላይ ቤቱ ገና ወረፋ ሳይበዛበት፣ ቫርኒሹም በቂ ምድጃ እንዲያገኝ ሞተሩን ያኔውኑ ወደዚያ መውሰድ ነው።